ሺህ ዓመት አይኖር፤ የጄዳይ ተዋጊዎች ዕድሜና ችሎታ

«ለመሆኑ ጄዳይ ስንት ዓመት ይኖራል?»

«ስታር ዋርስ» የተባሉትን ፊልሞች ያዩ ወጣቶች ከተሰበሰቡ ይህ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። አንዱ፣ «እነሱማ ምን አለባቸው! ኃይሉ ስላላቸው አያረጁም» ይላል። ሌላው፣ «ዘጠኝ መቶ ዓመት ነው የሚኖሩት፤ ዮዳን አላየህም እንዴ?» ብሎ ይሞግታል። ሦስተኛው ደግሞ፣ «ዕድሜ ምን ያደርጋል? ዋናው ችሎታው ነው፤ እሱም ቢሆን ሲወለዱ የተሰጣቸው ነው» በማለት ክርክሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስደዋል። እንደ እውነቱ ከሆነ ሦስቱም በከፊል ልክ ናቸው፤ በከፊል ደግሞ ተሳስተዋል።

«ልብ ወለድ ለሆነ ነገር ይህን ያህል ምን ያከራክራል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ጥያቄውን ጠጋ ብለን ብናየው የእኛው የመምህራን ጥያቄ ሆኖ እናገኘዋለን። ችሎታ በደም የሚወረስ ነው ወይስ በትምህርት የሚገኝ? ለረጅም ዘመን ማገልገል በራሱ ጥሩ አስተማሪ ያደርጋል? አንድ ተማሪ ሲጠፋ መምህሩ ምን ድርሻ አለው? እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን ታሪኩን በየፈርጁ እንመልከት።

ሀ. ታሪኩ ከየት መጣ?

«ስታር ዋርስ» ማለት የከዋክብት ጦርነት ማለት ነው። የመጀመሪያው ፊልም በአሜሪካ ለተመልካች የቀረበው በግንቦት ወር 1969 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1977 ነው። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ደራሲውና አዘጋጁ ጆርጅ ሉካስ ይባላል። ሉካስ ታሪኩን ሲያቀናብር ከብዙ ምንጭ ቀድቷል፤ ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ በ1958 ከሠራው ስለ ሳሙራይ ዘመን ከሚተርክ ፊልም፣ «ፍላሽ ጎርደን» ከተባለው ተከታታይ የጠፈር ታሪክ፣ እንዲሁም ጆሴፍ ካምቤል የተባለው ምሁር የዓለም ሕዝቦችን የጀግና ተረቶች እያነጻጸረ በ1949 ካሳተመው መጽሐፍ።

ዘጠኙ ዋና ዋና ፊልሞች የወጡበት ጊዜና ታሪኩ የሚሄድበት ቅደም ተከተል አንድ አይደለም። በ1977፣ በ1980 እና በ1983 የወጡት ሦስቱ የታሪኩ መካከለኛ ክፍል ናቸው። በ1999፣ በ2002 እና በ2005 የወጡት ከዚያ በፊት የሆነውን ይተርካሉ። በ2015፣ በ2017 እና በ2019 የወጡት ደግሞ የኋለኛውን ዘመን ያሳያሉ። ዕድሜ ስናሰላ ይህን መያዝ ይጠቅመናል።

ጄዳይ የሚባሉት በዚህ ታሪክ ውስጥ የሰላም ጠባቂ የሆኑ የተዋጊዎች ማኅበር ናቸው። መሣሪያቸው የብርሃን ሰይፍ ነው። የሰይፉን «እምም» የሚል ድምፅ የሠራው ቤን በርት የተባለ የድምፅ ባለሙያ ሲሆን፣ ያገኘውም ከአሮጌ የሲኒማ ማሳያ ሞተር ጉርምርምታና ከቴሌቪዥን ጩኸት ነው። ዋናው ጉልበታቸው ግን ሰይፉ ሳይሆን በታሪኩ ውስጥ «ኃይሉ» ተብሎ የሚጠራው ነገር ነው። ይኸውም ከሕያዋን ሁሉ የሚመነጭና ሕያዋንን ሁሉ የሚያስተሳስር የማይታይ ብርታት መሆኑ ይነገራል። የእነርሱ ባላንጣዎች ሲዝ ይባላሉ። ሲዞች የሚጠቀሙትም ይህንኑ ኃይል ነው፤ ልዩነቱ በፍርሃት፣ በቁጣና በጥላቻ መጠቀማቸው ነው።

ታሪኩ በሰው ልብ ውስጥ ምን ያህል እንደገባ ለመረዳት አንድ ነገር ብቻ እንጥቀስ። በ2001 በእንግሊዝና በዌልስ የሕዝብ ቆጠራ ሲደረግ፣ ከ390,000 በላይ ሰዎች ሃይማኖታቸውን ሲጠየቁ «ጄዳይ» ብለው ጻፉ። ብዙው ለቀልድ ነው፤ ቢሆንም ቀላል ቁጥር አይደለም።

ለ. ዕድሜያቸው፤ እስቲ ሒሳቡን እንሥራው

በጄዳይ ዕድሜ ላይ ያለው ስሕተት ሁሉ የሚመነጨው ከዮዳ ነው። ዮዳ ቁመቱ አጭር፣ ቆዳው አረንጓዴ፣ ጆሮው ረጅም የሆነ ታላቅ መምህር ሲሆን፣ በ1983ቱ ፊልም ሲሞት ዕድሜው 900 ገደማ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ለማቱሳላ ከሚሰጠው 969 ጋር ሲነጻጸር ብዙም አይርቅም። ታዲያ ይህ ዕድሜ የመጣው ጄዳይ ስለሆነ ነው? አይደለም። የመጣው ከዝርያው ነው። ለዚህም ማስረጃው በ2019 በጀመረው «ዘ ማንዳሎሪያን» በተባለው ተከታታይ ፊልም ውስጥ የምናየው ግሮጉ የተባለ የዚያው ዝርያ ሕፃን ነው። ግሮጉ ዕድሜው 50 ዓመት ነው፤ ነገር ግን ገና አፉን አልፈታም፣ በሕፃን አልጋ ውስጥ ነው የሚተኛው። የልጆችን የአስተሳሰብ እድገት በዕድሜ እርከን የከፋፈለው ፒያዤ ይህን ልጅ ቢያገኝ ኖሮ ሠንጠረዡን እንደገና ለመሥራት በተገደደ ነበር!

ወደ ሰዎቹ ጄዳዮች ስንመጣ ሒሳቡ ሌላ ነው። አናኪን ስካይዎከርን እንውሰድ። በ1999ኙ ፊልም ሲታይ 9 ዓመቱ ነው። ከዚያ እስከ ቀጣዩ ታሪክ 10 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ሦስተኛው 3 ዓመት፣ ከዚያ በ1977ቱ ፊልም እስከተተረከው ጊዜ 19 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ሞቱ 4 ዓመት። ሲደመር 45 ይሆናል። መምህሩ ኦቢ-ዋን ኬኖቢ በመጀመሪያው ታሪክ 25 ዓመቱ ነበር፤ 10፣ 3 እና 19 ስንጨምርበት በ57 ዓመቱ መሞቱን እናገኛለን። የአናኪን ልጅ ሉክ ደግሞ በ1977ቱ ፊልም 19 ዓመቱ ነው፤ 4 ዓመትና ከዚያ ወዲህ ያለፈው 30 ዓመት ሲታከልበት በ53 ዓመቱ አረፈ። ከሰዎቹ መካከል በዕድሜ የገፋው ዱኩ ሲሆን፣ የታሪኩን ዘመን ያሰሉ መጻሕፍት በ83 ዓመቱ መገደሉን ያስረዳሉ።

«እንዴ! ኦቢ-ዋን እኮ ሽማግሌ ነው፤ እንዴት 57?» የሚል አይጠፋም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ተዋናዩ አሌክ ጊነስ ፊልሙ ሲወጣ 63 ዓመቱ ነበር። የአናኪንን የመጨረሻ ፊት ያሳየው ሴባስቲያን ሾው ደግሞ 77 ዓመቱ ነበር። የገጸ ባሕርያቱ ዕድሜ በቁርጥ የታወቀው የቀደመውን ዘመን የሚተርኩት ፊልሞች ከ1999 ጀምሮ ከተሠሩ በኋላ ነው። ስለዚህ ፊቱ ቀድሞ መጣ፤ ሒሳቡ ኋላ ደረሰ።

ከጠቀስናቸው ከአምስቱ በእርጅና በአልጋው ላይ የሞተው ዮዳ ብቻ ነው። ዱኩ በአናኪን ሰይፍ፣ ኦቢ-ዋንም በዚያው በአናኪን ሰይፍ፣ አናኪን ልጁን ለማዳን ሲል፣ ሉክ ከአቅሙ በላይ በመድከም ሞቱ። ዮዳም ቢሆን በመጨረሻው ሰዓት ለሉክ የነገረው፣ ኃይሉ በእርሱ ዘንድ ብርቱ ቢሆንም ሞትን እስከ ማስቀረት እንደማይደርስ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ተከራካሪ እዚህ ላይ ተሸነፈ። ጄዳይም ሺህ ዓመት አይኖርም።

ሐ. ችሎታቸው፤ ምን ያደርጋሉ? ምንስ ያስከፍላቸዋል?

ችሎታቸው ብዙ ነው፤ ዋና ዋናዎቹን ብቻ እንዘርዝር።

1ኛ) ሳይነኩ ማንቀሳቀስ። ድንጋይ፣ ሰይፍ፣ ሲልቅም መርከብ ያነሣሉ።

2ኛ) አስቀድሞ መረዳት። አናኪን ገና በልጅነቱ ሌላ ሰው የማይችለውን የሰረገላ እሽቅድምድም ይወዳደር ነበር። ይህን ያስቻለው ነገር ከመሆኑ በፊት ስለሚታየው መሆኑን በፊልሙ ይነገረናል። ሆኖም ዮዳ ደጋግሞ የሚያስጠነቅቀው የወደፊቱ ነገር ተለዋዋጭ መሆኑን ነው።

3ኛ) የሌላውን አሳብ ማዞር። ኦቢ-ዋን በኬላ ላይ ያስቆሙትን ወታደሮች በለሰለሰ ቃል ብቻ «እለፉ» አሰኝቷቸዋል። ይህ ግን የሚሠራው በደካማ አእምሮ ላይ ነው። ዋቶ የተባለው ነጋዴና ጃባ የተባለው ወንበዴ ወይ ፍንክች ብለዋል።

4ኛ) መፈወስ። በ2019ኙ ፊልም ሬይ የተባለችው ወጣት የቆሰለ ግዙፍ እባብ ታድናለች። ግሮጉም የተመረዘ ሰው ፈውሷል።

5ኛ) ርቆ መታየት። በ2017ቱ ፊልም ሉክ በአንዲት ደሴት ላይ ተቀምጦ ሳለ በሌላ ዓለም ባለ የጦር ሜዳ ላይ በአካል ያለ መስሎ ታይቷል።

ብዙ ተመልካች የሚረሳው ታላቅ ነገር ግን ዋጋው ነው። ግሮጉ አንድ ግዙፍ አውሬ ካነሣ በኋላ ራሱን ስቶ ለረጅም ጊዜ ተኝቷል። ሬይ እባቡን ስትፈውስ ከራሷ ሕይወት ከፍላ መስጠቷን ትናገራለች። ቤን ሶሎ የተባለው የሉክ የእህት ልጅ ሬይን ከሞት ለመመለስ ያለውን ሁሉ ሰጥቶ እርሱ ሞተ። ሉክም ከዚያ የሩቅ መታየት በኋላ ነው ያረፈው። ስለዚህ ችሎታ ዕድሜን አያረዝምም፤ እንዲያውም ከዕድሜ ላይ የሚቆረስ ነው ማለት ይቻላል። ማታ ማታ ደብተር ሲያርም የሚያመሽ መምህር ይህን ለመረዳት አይቸግረውም።

መ. በደም ነው ወይስ በትምህርት?

አሁን ወደ ሦስተኛው ተከራካሪ እንሻገር። በ1999 በወጣው ፊልም ውስጥ በደም ውስጥ የሚቆጠሩ እጅግ ጥቃቅን ሕያዋን እንዳሉና፣ የእነርሱ ብዛት አንድ ሰው ለኃይሉ ያለውን ቅርበት እንደሚያሳይ ተነገረ። የሕፃኑ የአናኪን ደም ሲመረመር ቁጥሩ ከ20,000 በላይ ሆነ፤ ይህም ከዮዳ የበለጠ ነው። ብዙ ተመልካቾች በዚህ ቅር ተሰኙ። ቅሬታቸው ተገቢ ነበር፤ ቀድሞ በትጋትና በእምነት የሚደረስበት መስሎ የታያቸው ነገር አሁን በደም ምርመራ የሚለይ ሆነባቸው። ልክ አንድ ተማሪ ክፍል ሳይገባ፣ «ይህ ጎበዝ ነው፣ ያ ሰነፍ ነው» ብሎ እንደ መፈረጅ ያለ ነው።

ነገር ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ብንከታተለው የቁጥሩን ከንቱነት ራሱ ያሳየናል። በደሙ ከሁሉ የበለጠው ልጅ፣ ከሁሉ የከፋ ውድቀት ወደቀ። በሌላ በኩል የ1980ውን ፊልም እንመልከት። የ22 ዓመቱ ሉክ ዮዳ ወደተሸሸገበት ረግረግ ይሄዳል። መርከቡ ጭቃ ውስጥ ሰጥማለች። ድንጋዮችን ማንሣት ችሎ ሳለ፣ መርከቧን ግን ትልቅ ናት ብሎ ሞክሮ ይተዋታል። ያ ትንሽ ሽማግሌ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ይዘረጋና መርከቧን ከነጭቃዋ አውጥቶ መሬት ላይ ያስቀምጣታል። ሉክ ማመን እንዳቃተው ሲናገር፣ ዮዳ የወደቀው በዚሁ ምክንያት መሆኑን ይነግረዋል። እዚህ ላይ የጎደለው ደም አይደለም፤ በራስ መተማመን ነው።

በእርግጥ ያለ ምንም ዝንባሌ ጄዳይ መሆን አይቻልም፤ ይህን መካድ አይገባም። ዘር ያስፈልጋል። ዘር ግን ካልታረሰና ካልታረመ ፍሬ አይሰጥም። ለዚህ ነው ጄዳዮች ልጆችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በቡድን የሚያስተምሩት፤ ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ ፓዳዋን ተብሎ ለአንድ መምህር ይሰጣል፤ አንድ መምህርም በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ፓዳዋን አይዝም። ፈተናውን ሲያልፍ ባላባት ተዋጊ ይባላል፤ ብዙ ዘመን ሠርቶ ሲመሰገን ደግሞ ወደ መምህርነት ማዕረግ ይወጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው። ሉክ ትምህርቱን አቋርጦ ጓደኞቹን ለማዳን ሲሮጥ አንድ እጁን አጥቶ መመለሱም የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚለውን ያስታውሰናል።

ሠ. ስምንት መቶ ዓመት ያስተማረው መምህር

እስካሁን ያልነው ሁሉ ወደዚህ ለመምጣት ነው። ዮዳ ስምንት መቶ ዓመት ጄዳዮችን አስተምሯል። በዓለም ላይ ይህን ያህል የአገልግሎት ዘመን ያለው መምህር ከየት ይገኛል? ሆኖም ዱኩ የዮዳ ተማሪ ነበር፤ ወደ ሲዞች ሄደ። አናኪንም በዮዳ ዓይን ፊት አድጎ ጠፋ። እንዴት ሊሆን ቻለ?

አናኪን በ9 ዓመቱ ለጄዳዮቹ ጉባኤ ሲቀርብ፣ ጉባኤው ዕድሜው አልፏል፣ በውስጡም ፍርሃት አለ ብሎ መልሶት ነበር። ልጁ የፈራው ባሪያ ሆና ለቀረችው እናቱ ነው። በኋላ ኦቢ-ዋን ለሟች መምህሩ የገባውን ቃል ለመጠበቅ ሲል ልጁን ተቀበለ። ልብ በሉ፤ ኦቢ-ዋን ማዕረጉን ያገኘው ገና በዚያው ጊዜ ነው። ከማሠልጠኛ የወጣ አዲስ መምህር፣ በመጀመሪያ ዓመቱ ከሁሉ የከበደው ተማሪ ተሰጠው ማለት ነው። የልጁን የሰይፍ ችሎታ አሳደገ፤ ፍርሃቱን ግን ማንም ቁጭ ብሎ አልጠየቀውም።

ዓመታት አልፈው አናኪን ወጣት ሲሆን በድብቅ አገባ፤ የጄዳይ ደንብ ይህን ይከለክላል። ሚስቱ በወሊድ ስትሞት በሕልሙ ያይ ጀመር። ጨነቀውና ስም ሳይጠራ ወደ ዮዳ ሄደ። ዮዳም ሊያጣው የሚፈራውን ሁሉ መተው እንዲለማመድ መከረው። ምክሩ በራሱ ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን የስምንት መቶ ዓመት መምህር «ለመሆኑ የምትፈራለት ማን ነው?» ብሎ አልጠየቀም፤ ቢጠየቅም ልጁ በደንቡ ምክንያት መናገር አይችልም ነበር። ፓልፓቲን የተባለው ሸንጋይ የሲዝ አለቃ ግን አዳመጠው። ሞትን ማስቀረት ስለቻለ አንድ ሲዝ ተረት ነገረው። በነገራችን ላይ ያ ሞትን ያሸነፈ የተባለው ሲዝ፣ ተኝቶ ሳለ በገዛ ተማሪው የተገደለ ነው! አናኪን ግን ይህን ሊሰማ አልቻለም። ከመሞት መሰንበት ብሎ ሄደ።

ውጤቱ ምን ሆነ? ሊያድናት የፈለገው ሚስቱ በዚያው ሰሞን ሞተች። እርሱም ከመምህሩ ጋር ተዋግቶ፣ እጅና እግሩን አጥቶ፣ በእሳት ተቃጥሎ፣ ዳርት ቬደር ተብሎ ከሃያ ዓመት በላይ በመሣሪያ እየተነፈሰ ኖረ። ፓልፓቲንም ቢሆን ሞትን ሸሽቶ በ2019ኙ ፊልም ሲመለስ የምናየው በሚፈራርስ ገላ ውስጥ በማሽን ተንጠልጥሎ ነው። ዕድሜን ለብቻቸው ሊያከማቹ የፈለጉት ያገኙት ዕድሜ ይህ ነው።

ሉክም በተራው መምህር ሆኖ ስሕተቱን ደገመው። በቤን ሶሎ ልብ ውስጥ ጨለማ አይቶ፣ ልጁ ተኝቶ ሳለ ለአንዲት ቅጽበት ሰይፉን አበራ። ወዲያው ተጸጸተ፤ ነገር ግን ልጁ ነቅቶ የመምህሩን ሰይፍ በራሱ ላይ አየ። ከዚያ በኋላ ሉክ አፍሮ በደሴት ላይ ተደበቀ፤ ማስተማርንም ተወ። የሞተው ዮዳ በመንፈስ ተገልጦ የነገረው ነገር ለእኛ ለመምህራን ትልቅ ትምህርት ነው፦ ለተማሪ ብርታትን ብቻ ሳይሆን ድካምንና ውድቀትንም ማካፈል እንደሚገባ፣ ከውድቀት የተሻለ አስተማሪ እንደሌለ፣ የመምህርም ዕጣ በተማሪው መበለጥ መሆኑን አስረዳው። ይህን ለመናገር ዮዳን ዘጠኝ መቶ ዓመትና አንድ ሞት አስፈልጎታል።

ረ. እንግዲህ ምን እንላለን?

ክርክሩን እንቋጭ። የጄዳይ ዕድሜ ከዝርያው የሚመጣ ነው። ችሎታው ከዝንባሌና ከሥልጠና የሚመጣ ሆኖ ከዕድሜው ላይ የሚከፈል ነው። በታሪኩ ውስጥ ከሞት በኋላ ቆይተው በመንፈስ ከሚታዩት መካከል ኦቢ-ዋን፣ ዮዳ፣ ሉክ፣ በመጨረሻም ልጁን ለማዳን የሞተው አናኪን ይገኙበታል። ሁሉም ለሌላው ሲሉ ዕድሜያቸውን የለቀቁ ወይም ሞትን ሳይሸሹ የተቀበሉ ናቸው። ኦቢ-ዋን በ57 ዓመቱ ሰይፉን አቁሞ ሞትን ተቀበለ፤ ሉክን ግን ከዚያ በኋላም ማስተማሩን አላቆመም። ዮዳም በአልጋው ላይ ሆኖ ሉክን የለመነው የተማረውን ለሌሎች እንዲያስተላልፍ ነው።

ውድ ዕጩ መምህራን! በቅርቡ ለተግባር ልምምድ ወደየትምህርት ቤቱ ስትወጡ፣ እንደ ኦቢ-ዋን ማዕረጋችሁ ሳይደርቅ ከባዱ ልጅ ሊደርሳችሁ ይችላል። ምናልባትም ከኋላ ወንበር ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ፣ በሒሳቡ ከሁሉ የሚቀድም፣ ነገር ግን ዓይኑ መስኮት ላይ የቀረ ልጅ ነው። የትምህርት ዕቅዳችሁን ጨርሳችሁ ጠመኔውን ስታስቀምጡ አንድ አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ፣ «ምነው ልጄ፣ ምን ሆነሃል?» በሉት። የስምንት መቶ ዓመት ልምድ ያለው መምህር ያልጠየቀው ጥያቄ ይህ ነበር።